ድጋሚ የታለመ ጨረር ምንድን ነው?

ማራኪ ሠፈር ያሉ ጎረቤታችን የምላስ ካንሰር ታመው ነበር። ለጨረር ሕክምና አዲስ አበባ ድረስ ሄደው፣ ጨርሰው ወደ ጎንደር ተመለሱ። ደህና ሰነበቱ። ዘንድሮ ግን ምላሳቸው ሥር ጠጠር ነገር ዳበሱ። ናሙና ሲታይ በሽታው ተመልሷል። ልጃቸው ቤት ድረስ መጥታ "አባዬ እንደገና ጨረር ይችላል ወይ?" አለችኝ።

ይቻላል። ለሁሉም ሰው ግን አይደለም።

የፊተኛው ጨረር ብዙ ጊዜ ከ60 እስከ 70 ግሬይ ይደርሳል። ግሬይ የጨረር መጠን መለኪያ ነው። በሳምንት አምስት ቀን፣ ለ6 ወይም ለ7 ሳምንት ጥቂት በጥቂቱ ይሰጣል፤ ጤነኛው ሥጋ በየመሀሉ እንዲያገግም። ቢሆንም ሙሉ በሙሉ አያገግምም። ከላይ ቆዳው ድኖ ውስጥ ደም ሥሩ ጠብቦ ይቀራል። ምራቅ ይደርቃል፣ መንጋጋም ተጨምድዶ እንደ ልብ አይከፈትም።

ለድጋሚ የሚሰጠው የታለመ ጨረር የሚሠራው ሌላ መንገድ ይዞ ነው። ከብዙ አቅጣጫ የሚመጡ ቀጫጭን ጨረሮች እጢው ላይ ይገናኛሉ። ለየብቻቸው ደካማ ናቸው፤ የሚበረቱት የተገናኙበት ቦታ ላይ ነው። ታካሚው እንዳይነቃነቅ በፊቱ ልክ የተሠራ የፕላስቲክ ጭምብል ይደረግለታል። ብዙውን ጊዜ በ5 ቀጠሮ ያልቃል፣ በድምሩ ከ35 እስከ 45 ግሬይ።

አጭር ነው ማለት ግን ቀላል ነው ማለት አይደለም። ሁለት ጊዜ ጨረር የቀመሰ የመንጋጋ አጥንት ሊሞት ይችላል። መዋጥ ይከብዳል። ከሁሉ የሚያስፈራኝ የአንገቱ ትልቁ ደም ቅዳ ነው። አልፎ አልፎ ይፈነዳል፤ ከፈነዳ ደግሞ ሰው ለማትረፍ ጊዜ አይሰጥም። ስለዚህ ሐኪሞች መጀመሪያ "በቀዶ ሕክምና ይወጣል ወይ?" ብለው ይጠይቃሉ። ካልወጣ እጢው ትንሽ መሆኑን፣ ከደም ቅዳው መራቁን፣ ወደ ሌላ አካል አለመዛመቱን ያያሉ። ከፊተኛው ጨረር በኋላ ቢያንስ 6 ወር ቢያልፍ ይመርጣሉ።

ልጅቷ የአባቷን ወረቀት በፌስታል ይዛ መጥታ ነበር። አንድ በአንድ አገላበጥነው። "ጨረር ወስደዋል" ይላል፣ በቃ። ስንት ግሬይ? የት የት ቦታ? ኅብለ ሰረሰሩን፣ ማለትም በጀርባ አጥንት ውስጥ የሚያልፈውን ነርቭ፣ ምን ያህል ነካው? የለም። ኅብለ ሰረሰር ከ45 እስከ 50 ግሬይ አካባቢ ገደቡ ነው፤ የፊተኛው ሳይታወቅ የሁለተኛው አይሰላም። እባካችሁ፣ ጨረር ስትጨርሱ የመጠኑን ዝርዝርና የጨረሩን እቅድ የያዘውን ሲዲ ሳትቀበሉ ከሆስፒታሉ አትውጡ።

ሌላም ነገር አለ። አባቷ አፋቸውን ሲከፍቱ የሚገባው ሁለት ጣት ብቻ ነው፤ ጤነኛ ሰው ሦስት ያስገባል። አንዱ መንጋጋቸው ጥርስም እያመማቸው፣ በማግሥቱ ሊያስነቅሉት አስበው ነበር። ጨረር ካገኘው መንጋጋ ላይ ጥርስ ሲነቀል ቁስሉ ላይድን ይችላል። "ለጥርስ ሐኪሙ ጨረር መውሰዳቸውን ሳትነግሪ እንዳይነኩት" አልኳት። ስልኳን አውጥታ እዚያው ለአባቷ ደወለችላቸው።