አሥራት ምንድን ነው? የዘጠኙ እጅ መልቀቂያ ግን አይደለም

አሥራት ከገቢ ለእግዚአብሔር የሚወጣ፣ ከአሥር አንድ መሆኑን ለድሬዳዋ ነጋዴ ማስረዳት አያስፈልግም። የሚያስፈልገው ከዚያ በኋላ የሚባለው ነገር ነው። ሰሞኑን አንድ መካሪ «አሥራትህን አውጣ፤ ዘጠኙ እጅ ያንተ ነው፣ ማንም አይጠይቅህም» ሲል ተሰማ። ከታይዋን ገበያ እስከ ከፊራ ገበያ ስንት ሰው እንደሚደግመው ላየ ዝም ማለት ይከብዳል።

ይህ አሥራት ሳይሆን ቀረጥ ነው። ዕቃ ከጅቡቲ ይመጣል፣ ትራንዚተሩ (የጉምሩክ ጉዳይ አስፈጻሚው) ዲክላራሲዮን፣ ማለትም የዕቃ ማስታወቂያ ቅጽ ይሞላል፣ ቀረጡ ይከፈላል፣ መልቀቂያ ይወጣል። መልቀቂያው ከወጣ ወዲያ ብዙውን ጊዜ ለማን ሸጥከው፣ ወዛደሩን ከፈልከው ወይ የሚል የጉምሩክ ሠራተኛ የለም። ብዙ ሰው እግዚአብሔርንም መጋዘን በር ላይ እንደ ቆመ ተቆጣጣሪ አድርጎ ያስባል፤ ድርሻውን ተቀብሎ ማኅተሙን መትቶ የሚያሳልፍ። ለነገሩ መነሻ የለውም አይባልም፤ በአገራችን አሥራት የሚባል የመንግሥት የእህል ግብርም ነበር። የቀረው በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ገቢ ግብር ሲመጣ ነው። ከፍለህ የምትገላገለው ነገር ሆኖ አእምሮ ውስጥ ቢቀር አይገርምም።

ምሳሌውን እንግፋው ካልን ግን መጽሐፉም ዲክላራሲዮን አለው። ዘዳግም 26 ላይ በሦስተኛው ዓመት አሥራቱን አውጥቶ የጨረሰ ሰው በእግዚአብሔር ፊት ያስታውቃል። የሚያስታውቀው ምንድን ነው? ስንት ኩንታል እንዳመረተ ሳይሆን የተቀደሰውን ከቤቱ ማውጣቱንና ለሌዋዊው (ለመቅደሱ አገልጋይ)፣ ለመጻተኛው፣ ለድሀ አደጉና ለመበለቲቱ መስጠቱን ነው። ከእርሱ በኀዘን ጊዜ እንዳልበላም ይጨምራል። በረከት የሚለምነው ይህን ከተናገረ በኋላ ነው። ቅጹ የሚጠይቀው የደረሰበትን ቦታ ነው፤ ቀረጡ ከተከፈለ ወዲያ ጉምሩክ ብዙውን ጊዜ የማይጠይቀውን።

መካሪው ሚልክያስ 3፥10ን ጠቅሷል፤ የሰማይ መስኮት ይከፈታል የሚለውን። ይጥቀስ። ነገር ግን እዚያው ጥቅስ ውስጥ «በቤቴ መብል እንዲኖር» የሚል ምክንያት አለ። ሌዋውያን የርስት መሬት አልነበራቸውም፤ አሥራቱ ሲቀርባቸው አገልግሎቱን ትተው ወደየእርሻቸው እንደሄዱ ነህምያ 13 ይነግረናል። መካሪው ከጠቀሰው የሚልክያስ ቃል አምስት ቁጥር ወደ ኋላ ቢመለስ ደግሞ ቁጥር 5ን ያገኝ ነበር፤ የቅጥር ሠራተኛን ደመወዝ በሚያስቀሩ፣ መበለትንና ድሀ አደግን በሚያስጨንቁ ላይ ፈጣን ምስክር እሆናለሁ ይላል። ዘጠኙን እጅ የሚጠይቅ የለም ያለው ማን ነው እንግዲህ?

ወደ ስሌቱ። ታይዋን ልብስ የሚሸጥ ሰው በወር 240,000 ብር ሸጠ እንበል። የዕቃው መግዣ 188,000፣ ኪራይ 15,000፣ ሁለት ሠራተኞች 9,000፣ ጫኝና አውራጅ ከነማጓጓዣው 4,000፣ መብራትና ልዩ ልዩ 1,000፣ ለግብር የተቀመጠ 3,000። የቀረው 20,000 ነው፤ አሥራቱ 2,000። ከሽያጩ 24,000 የሚያወጣ ሰው አለ፤ በቅንነት ነው፣ ግን ካፒታሉን እየበላ ስለሆነ ጥቂት ወር ሄዶ ይቆማል፤ ከዚያ «አሥራት አከሰረኝ» ይላል። ቫት ተመዝጋቢ ከሆነ ከደንበኛው የሰበሰበው 15 በመቶም የእርሱ አይደለም፣ ከመነሻው ሽያጭ ውስጥ አይግባ። ዕቁብ ሲደርስም አሥራት የለውም፤ የራስህ ገንዘብ ተጠራቅሞ መጣ እንጂ ገቢ አይደለም። ብድርም እንደዚያው። ከውጭ ዘመድ ለወጪ የላከው ሐዋላ ግን ገቢ ነው።

የቁልቢ ገብርኤልን ስለት ከአሥራት ላይ የሚቀንስም አለ። ታኅሣሥ 19 ይዞት የሚወጣው ጥላና ሻማ ራሱ የተሳለው ነው፤ ባይሳል ኃጢአት አልነበረም፣ ከተሳለ ግን ዕዳ ነው (ዘዳግም 23)። አንዱ በሌላው አይተካም። ያው ምዕራፍ የዝሙት ዋጋ ለስለት ወደ እግዚአብሔር ቤት እንዳይገባ ይከለክላል፤ የገንዘቡ ምንጭም ይታያል ማለት ነው። ስለዚህ በኬላ ተሹለክልኮ የገባ ዕቃ ትርፉ አሥር በመቶው ሲወጣለት ዘጠናው ይጸዳል የሚለው ስሌት አቦ፣ ከየት መጣ? የቤተ ክርስቲያን ገንዘብ ያዥ ደረሰኝ ሲቆርጥ የተቀበለውን ብር ይጽፋል፤ የምንጩን ንጽሕና አይመሰክርም።

«ታዲያ አሥራት አያስፈልግም ልትል ነው?» ይባል ይሆናል። አይደለም። ማቴዎስ 23፥23 ላይ ጌታ ከአዝሙድና ከከሙን እንኳ አሥራት የሚያወጡትን ሲገሥጽ፣ ፍርድንና ምሕረትን ስለተዉ እንጂ አሥራቱን ስላወጡ አይደለም፤ ያንንም ሳትተዉ ይህን ልታደርጉ ይገባ ነበር ነው ያለው። ለስስታም ሰው አሥር በመቶ ጥሩ መጀመሪያ ነው፤ እጁ መዘርጋት ይለማመዳል። ሀብታሙ ላይ ሲደርስ ግን ስስት በትክክል ከተከፈለ አሥራት ጀርባም በምቾት ይደበቃል፤ የሉቃስ 18 ፈሪሳዊ ካገኘው ሁሉ አሥራት ያወጣ ነበር።

በተግባር የሚያጋጥመው ይህ ነው። ወሩ ሲያልቅ ጫኝና አውራጆቹ ከነማጓጓዣው 4,000 ብራቸውን ገና አልተቀበሉም፤ ሰውየው ካዝናው ውስጥ 24,000 (ትርፉን 20,000ና ያልተከፈለውን 4,000) አየና 2,400 አሥራት አወጣ። ከዚያ ውስጥ 400 ብሩ የእነርሱ ገንዘብ ነው። ዘዳግም 24፥15 የሠራተኛውን ዋጋ ፀሐይ ሳትገባ ስጠው ይላል፤ ስለዚህ ቅደም ተከተሉ መጀመሪያ ለእነርሱ ከፍሎ፣ ቀጥሎ መቁጠር፣ ከዚያ 2,000ውን ማውጣት ነው።