ደብረ ብርሃን ላይ የሚጣለው ነገር እንዴት ገንዘብ ይሆናል

ሰርኩላር ኢኮኖሚ ሲባል ብዙ ሰው ከውጭ የመጣ ነገር ይመስለዋል፣ ነገሩ ግን የአንዱ ቤት ትራፊ ለሌላው እቃ ይሁን ማለት ነው። ሰሜን ሸዋ ውስጥ ጠላ የምትጠምቅ፣ አረቄ የምታወጣ ሴት አተላዋን ለከብት ስትሰጥ ኖራለች፣ ማንም ስም ሳያወጣለት።

አሁን ትልቁ ጉዳይ የቢራው አተላ ነው። ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ገደማ የምትርቀው ደብረ ብርሃን ዳሽንም ሐበሻም ይጠመቅባታል። 100 ሊትር ቢራ ሲወጣ ወደ 20 ኪሎ የሚጠጋ እርጥብ የብቅል አተላ ይተርፋል፣ ስኳሩ ሄዶ ፕሮቲኑና ገለባው የቀረ ማለት ነው፣ ፉርሽካና ፋጉሎ (የዘይት እህል ጭማቂ ትራፊ) ሲወደድ ለወተት ላም ትልቅ ነገር ነው። ችግሩ አብዛኛው ውሃ ነው። አይሱዙ ላይ ተጭኖ አስፋልቱን እያንጠባጠበ ሲያልፍ እኮ ላም አርቢው የትራንስፖርት የሚከፍለው ለውሃ ነው፣ በዛ ላይ በጥቂት ቀን ይሻግታል፣ የሻገተ መኖ ደግሞ መርዙ ወተት ውስጥ ሊገባ ይችላል። ኢኖቬሽን የሚባለው እዚህ ጋ የግድ ውድ ማሽን አይደለም፣ በርሜል ወይ ጉድጓድ ውስጥ ላስቲክ አንጥፎ፣ ሞላሰስ (የስኳር ፋብሪካ ትራፊ ሽሮፕ) ጣል አድርጎ፣ አየር እስኪያጣ ጠቅጥቆ መክደን ብቻ ለሳምንታት ያቆየዋል። ፋብሪካው ራሱ ጨምቆ ቢሸጠው ደግሞ፣ እንደኔ፣ ለሁለቱም ያዋጣል፣ ራቅ ያለውም ገዢ ይደርሰዋል።

ኩበትን ብዙ ሰው እዚሁ ሰርኩላር ኢኮኖሚ ውስጥ ይቆጥረዋል፣ እኔ ግን አይዋጥልኝም። መሬቱን ማዳበር የነበረበት እበት ምድጃ ውስጥ ይገባና ገበሬው ተመልሶ ዩሪያ ማዳበሪያ ፍለጋ ይሰለፋል። ባዮጋዝ፣ ማለትም እበቱን አየር በማያስገባ ጉድጓድ በባክቴሪያ ማብላላት፣ ሁለቱንም ይሰጣል፣ ጋዙ ለምድጃ፣ ዝቃጩ ለማሳ። ግን ከተማዋ ከ2,700 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት፣ ብርዱ ባክቴሪያውን ያደነዝዘዋል፣ ቆላ ላይ እሺ ያለው ጉድጓድ እዚህ ይለግማል። ስለዚህ ዙሪያውን ገለባ ማልበስ፣ እበቱንም ፀሐይ ላይ ለብ ባለ ውሃ መበጥበጥ ያስፈልጋል።

የመንዝ በግ ጠጉር ባና የሚባለው ብርድ ልብስና በርኖስ ይሆናል፣ የቢራ ጠርሙስ በሳጥን ተመልሶ ይሞላል፣ ሃይላንዱን ቆራሌው ይወስደዋል። ፌስታል ግን ገዢ የለውም፣ አዋጅ ቁጥር 513/1999 ስስ ስሱን ከልክሎ የነበረ ቢሆንም ሐምሌ ላይ በሬሳ ወንዝ ሞልቶ ሲጎድል ቁጥቋጦው ላይ ተንጠልጥሎ የሚቀረው እሱ ነው።