ስለ ትሪየሩ ፖርታ ኒግራ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

በምዕራብ ጀርመን፣ በትሪየር ከተማ የቆመው ፖርታ ኒግራ («ጥቁር በር» ማለት ነው)፣ ሮማውያን ለከተማዋ የሠሩት ሰሜናዊ በር ነው። እሱንና አጠገቡ የተያያዘውን ጥንታዊ የቅዱስ ስምዖን ቤት በተመለከተ ግን ትክክል ያልሆነ ብዙ ነገር ይነገራል። (ዓመታቱ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

«በሩ የተሠራው ከጥቁር ድንጋይ ነው።» ግንበኞቹ የተጠቀሙት ፈካ ያለ አሸዋማ ድንጋይ ነው፤ ያጠቆረው የዘመናት አየርና ጭስ ነው።

«በግድግዳው ላይ የሚታዩት ጉድጓዶች የጥይት ምልክት ናቸው።» እስከ ስድስት ቶን የሚመዝኑት ድንጋዮች የተደረደሩት ያለ ማጣበቂያ ሲሆን፣ እርስ በርስ የተያያዙት በእርሳስ በታሸጉ የብረት ማያያዣዎች ነበር። በመካከለኛው ዘመን ብረት ፈላጊዎች ማያያዣዎቹን እየፈለፈሉ ወሰዷቸው፤ ጉድጓዶቹም የእነሱ ሥራ ናቸው። ሕንጻው ግን በድንጋዮቹ ክብደት ብቻ ጸንቶ ቆሟል።

«ሮማውያን ሥራውን ጨርሰውታል።» ከከተማው ቅጥር ሥር የተገኘው እንጨት የተቆረጠው በ169 እና 170 መካከል ባለው ክረምት መሆኑ ስለተረጋገጠ የግንባታው ዘመን ይታወቃል፤ የብዙዎቹ ድንጋዮች ፊት ግን ሳይለሰልስ ስለቀረ ሥራው አልተጠናቀቀም።

«እስከ ዛሬ የቆየው ጠንካራ ስለሆነ ነው።» ከሁሉ ይልቅ መታረም ያለበት ይህ ነው። ሌሎቹ የከተማዋ በሮችም ጠንካራ ነበሩ፤ ሆኖም ፈርሰዋል። ይህን በር ያተረፈው አንድ መነኩሴ ነው። በሲሲሊ ደሴት በሲራኩስ ከተማ የተወለደውና በሲና ገዳም የኖረው ስምዖን፣ ከትሪየሩ ሊቀ ጳጳስ ከፖፖ ጋር ቅድስት ሀገርን ተሳልሞ ከተመለሰ በኋላ፣ በበሩ ምሥራቃዊ ማማ ውስጥ ራሱን ዘግቶ በጸሎት ኖረ። በ1035 ሲያርፍ በዚያው ተቀበረ፤ በዚያው ዓመትም ቅድስናው ታወጀ። ፖፖም በሩን አንዱ በሌላው ላይ ወደተሠሩ ሁለት አብያተ ክርስቲያናት ለወጠው፤ የተቀደሰውን ሕንጻ ድንጋይ ለማንሳት የሚደፍር አልነበረም።

«ናፖሊዮን በሩን አዳነው።» በ1804 ከተማዋን የጎበኘው የፈረንሳይ ንጉሠ ነገሥት ናፖሊዮን ሮማዊው መልክ እንዲገለጥ አዝዞ ቤተ ክርስቲያኑን አስፈርሷል። የሮማውያኑ ሥራ በዚህ ይበልጥ ቢታይም፣ በሩን ለዘመናት የጠበቀውን ቤተ ክርስቲያን ማጣት በእኔ አመለካከት ከባድ ጥፋት ነው። ከፈረሰው የተረፈው ዋነኛ ክፍል በምሥራቅ በኩል ያለው ግማሽ ክብ መቅደስ ነው፤ ለጎብኚዎች ሮማዊ ቢመስላቸውም የ12ኛው መቶ ዘመን ሥራ ነው።

«አጠገቡ ያለው ቤትም ሮማዊ ነው።» ቤቱ በ11ኛው መቶ ዘመን ለቤተ ክርስቲያኑ ካህናት የተሠራ ሲሆን፣ ዛሬ የከተማዋ ሙዚየም ይገኝበታል።