«ብርሌ ከነቃ አይሆንም ዕቃ»፦ ለምን «ከተሰበረ» አልተባለም?

ብዙ ሰው ይህን አባባል «የተሰበረ ነገር አይጠገንም» ብሎ ይፈታዋል። ብዙም አልሳተም፤ ግን ዋናዋን ቃል ዘሏታል። አባባሉ የሚለው «ከነቃ» ነው። የተሰበረ ብርሌ ማንንም አያታልልም፤ ስብርባሪው ተጠርጎ ይጣላል፣ ነገሩም እዚያው ያበቃል። የነቃው ግን ከጓደኞቹ ጋር ተደርድሮ፣ አንገቱን ቀጥ አድርጎ፣ ጤነኛ መስሎ ይቆማል። ጉዱን የሚያውቀው ጠጅ ቤቱን የሚያውቅ ሰው ብቻ ነው።

«ነቃ» ከእንቅልፍ ለተነሳም፣ ለተሰነጠቀም ይነገራል። በበጋ ደርቆ የተሰነጠቀ መሬት ነቅቷል፤ ስንጥቁም ንቃቃት ይባላል። ለዕቃ ሲነገር ደግሞ ገና ሁለት ያልሆነ፣ ፀጉር የመሰለ መስመር የገባበት ማለት ነው። በተራ ንግግር «ዕቃ አይሆንም» የሚባለው እዚህ «አይሆንም ዕቃ» ተብሎ የተገለበጠው «ነቃ»ና «ዕቃ» ቤት እንዲመቱ ነው።

ብርሌ ሆዱ ክብ፣ አንገቱ ረዘም ያለና ጠባብ የጠጅ መጠጫ ብርጭቆ ነው። ስሙ ከከበረ ድንጋይ ስም ጋር ይዛመዳል፦ በዮሐንስ ራእይ ምዕራፍ 21 ቁጥር 20 ከአዲሲቱ ኢየሩሳሌም ከተማ መሠረቶች «ስምንተኛው ቢረሌ» ይላል። (ጀርመኖች መነጽርን «ብሪለ» የሚሉትም ከዚሁ ድንጋይ ስም ወስደው ነው።) ብርጭቆ ከባሕር ማዶ መጥቶ ወደ ደጋው በእንስሳ ጀርባ ይጫን በነበረበት፣ ጠጅም የመኳንንት ማዕድ መጠጥ በነበረበት ዘመን ብርሌ የክብር ዕቃ ነበር። በግብር ግብዣ ላይ አሳላፊው ከጠጁ መዳፉ ላይ ጠብ አድርጎ ቀድሞ ይቀምስ ነበር፤ መርዝ የለበትም ለማለት ነው። ብርሌውም ከሰው ዓይን እንዲጠበቅ በጨርቅ ይሸፈን ነበር።

አባባሉ ብርሌን የመረጠው ሌላው የቤት ዕቃ ስለሚጠገን ነው። የቀንድ ዋንጫ ቢወድቅ አንስቶ መጠጣት ነው። ቅል ቢሰነጠቅ ዳርና ዳሩ ተበስቶ ይሰፋል። ጠጅ መያዝ ያቃተው ጋንም ቢሆን እህል ይይዛል። ለነቃ ብርሌ ግን ስፌትም ሌላ ሥራም የለውም።

የሚነቃው አብዛኛውን ጊዜ አንገቱ ከሆዱ በሚገናኝበት ትከሻው ላይ ነው። እዚያ ቀጭኑና ወፍራሙ ብርጭቆ ስለሚገናኙ ሙቀትና ቅዝቃዜ ሲፈራረቅ እኩል አይላሉም፣ እኩል አይኮማተሩም። ቀዝቃዛ ጠጅ የነበረበትን ወዲያው በፈላ ውሃ ማጠብ ዋናው ጥፋት ነው፤ ተራ ብርጭቆ በ40 ወይም 50 ዲግሪ ድንገተኛ ልዩነት ሊነቃ ይችላል። ለብ ያለ ውሃ ይበቃዋል። ጠባቡ አንገት እጅ ስለማያስገባ አንዳንዱ አሸዋ ጨምሮ ይንጠዋል፤ አሸዋው ውስጡን ይጭረዋል፣ ንቃቱም ከጭረቱ ይጀምራል። በአሸዋ ፋንታ አንድ እፍኝ ሩዝ ከለብ ያለ ውሃ ጋር መናጥ ይሻላል። ሲጠጡ ብርሌና ብርሌ ማጋጨት፣ ሲያነሱም አራት አምስቱን አንገት ለአንገት በአንድ እጅ መያዝ ሌላው መዘዝ ነው።

አንዴ የገባ ንቃት ባለበት አይቆምም። ኃይሉ ሁሉ በስንጥቁ ጫፍ ይጠራቀማል፣ እርጥበቱም እያገዘ ያስረዝመዋል። ዛሬ የጥፍር ያህል የነበረው አንድ ቀን አሳላፊው ከማንቆርቆሪያው ሲቀዳ ለሁለት ይከፈላል፣ ከንፈርም ይቆርጣል። እስከዚያው የማሩ ስኳር ስንጥቁ ውስጥ ተቀምጦ ይኮመጥጣል፤ ለስላሳ ጠጅ ያዘዘ ሰው ኮምጣጣ ሽታ ይቀድመዋል፣ ወቀሳውም ለጠጁ ይሆናል። መንቃቱን ለማወቅ ባዶውን ብርሌ አንገቱን ይዞ ሆዱን በጥፍር መታ ማድረግ ነው፦ ጤነኛው ጥርት ብሎ ይጮኻል፣ የነቃው ድምፁ ይታፈናል። ያጠራጠረውን ከውጭ አድርቆ፣ ውሃ ሞልቶ ደረቅ ወረቀት ላይ ግማሽ ሰዓት ማቆም ነው፤ ወረቀቱ ከረጠበ ወዲያ ክርክር የለም።

«ፍቅርና ብርሌ ከነቃ አይሆንም ዕቃ» የሚለው አነጋገር የሚበረታው ለዚህ ነው። ለተፋቱ ሰዎች አይደለም የሚስማማው፤ አብረው እየኖሩ፣ ለሰው ደህና መስለው፣ መተማመኑ ለጠፋባቸው ነው። ከ«የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም» የሚለየውም እዚህ ላይ ነው፦ የፈሰሰው ውሃ ለሁሉም ይታያል፤ ያ ለሆነ ነገር ይነገራል፣ ይህ ግን ገና ለቆመ። የዘመኑ ወጣት ደግሞ «ነቄ» ከሚለው ቃሉ ጋር አገናኝቶ፣ አንዴ የነቃ ሰው ዳግም አይታለልም ብሎ ይተረጉመዋል። የአባባሉ ፍቺ ያ አይደለም፤ ግን ቃሉ ራሱ ሁለት አፍ ስላለው ቀልዱን ማን ይከለክለዋል።

ብዙውን ጊዜ የሚናገረው የተበደለው ወገን ነው፣ ሽማግሌ ለማስታረቅ ሲመጣ። ሙሉውንም አይለውም፤ «እንግዲህ አባቶቼ፣ ብርሌ ከነቃ…» ብሎ ይተወዋል፣ የቀረውን ሽማግሌዎቹ ያውቁታል።