ሰበታ፦ ሐይቅ የሌላት የዓሣ መፈልፈያ

ከአየር ጤና ተነስቶ በጅማ መንገድ የሚጓዝ ሰው ብዙም ሳይርቅ ሰበታ ይደርሳል። ዛሬ በሸገር ከተማ ሥር የምትገኘው ይህች ከተማ በአብዛኛው ሰው ዘንድ የምትታወቀው በሜታ አቦ ቢራ ፋብሪካና በመርሐ ዕውራን ትምህርት ቤት ነው። ዓሣ ሲነሳ የአዲስ አበባ ነዋሪ የሚያስበው ዝዋይን፣ ሐዋሳን ወይም ባሕር ዳርን እንጂ ሰበታን አይደለም። ይሁን እንጂ በአገሪቱ ዓሣና ሌላ የውኃ ውስጥ ሕይወት ላይ የሚመራመረው ብሔራዊ ማዕከል ሐይቅ በሌለባት በዚህች ደጋ ከተማ ይገኛል። ማዕከሉ የኢትዮጵያ ግብርና ምርምር ኢንስቲትዩት አካል ሲሆን፣ ከምርምሩ ጎን ለጎን የዓሣ ጫጩት አራብቶ ለግድቦች፣ ለሐይቆችና ለገበሬ ኩሬዎች ያሰራጫል።

ለዓይን የሚማርክ ነገር ፈልጎ የሚሄድ ጎብኚ ቅር ሊለው ይችላል፤ በእርባታ ኩሬ ውስጥ ያለ ውኃ አረንጓዴና ድፍርስ ነው። አረንጓዴነቱ ግን ብልሽት አይደለም። በዓይን የማይለዩ ጥቃቅን ዕፅዋትና እንስሳት እንዲበዙበት በፍግ ወይም በማዳበሪያ የተመገበ ውኃ ነው፤ ጫጩቶቹ የሚያድጉት እነዚህን እየለቀሙ ነው።

ሦስቱ ዋና ዋና የእርባታ ዓሦች ቆረሶ (ቲላፒያ)፣ ካርፕና አምባዛ ሲሆኑ የመራቢያ ጠባያቸው ፈጽሞ አይገናኝም። የቆረሶ ወንዱ ጥልቀት በሌለው ውኃ ወለሉን ጎድጎድ አድርጎ ጎጆ ይቆፍራል፤ ሴቷ እንቁላሏን እዚያ ጥላ መልሳ በአፏ ትሰበስብና እስኪፈለፈል፣ ከዚያም በኋላ ጫጩቶቹ እስኪጠነክሩ በአፏ ይዛቸው ትቆያለች። ቆረሶ ብርድ አይወድም፤ የውኃው ሙቀት ከ20 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲወርድ መራባቱ ይዳከማል። ደጋ ላይ ቆረሶ ማርባት ትዕግሥት የሚጠይቀው ለዚህ ነው። ካርፕ ብርዱን ይችላል፤ አንዲት ትልቅ ሴት ካርፕ በመቶ ሺዎች የሚቆጠር እንቁላል ትጥላለች። እንቁላሉ የሚጣበቅበት ሣር ወይም ቅጠል ስለሚፈልግ ግን አርቢዎች በቃጫ የተሠራ ምንጣፍ ውኃው ውስጥ ያኖሩለታል። አምባዛ ደግሞ በክረምት መግቢያ ጎርፍ ወደሸፈነው የሣር ዳርቻ ወጥቶ የሚራባ በመሆኑ በኩሬ ውስጥ ብዙ ጊዜ ያለ ሆርሞን መርፌ እንቁላል አይጥልም። ጫጩቶቹም እርስ በርስ ይበላላሉ፤ በየጊዜው በመጠን ካልተለዩ የሚተርፉት ጉልቤዎቹ ብቻ ናቸው።

ጫጩት የሚጓጓዘው ሆዱ ባዶ እንዲሆን ሳይመገብ ቆይቶ፣ ውኃና ኦክስጅን በተሞላ ፕላስቲክ ከረጢት ነው። ግድቡ ዳር ሲደርስ ወዲያው አይፈስም፤ የሁለቱ ውኃዎች ሙቀት እስኪቀራረብ ከረጢቱ ግድቡ ላይ ይንሳፈፋል።

ካሜራ የሚወደው ይህን ጊዜ ነው፤ ዋናው ፈተና ግን የሚጀምረው ከዚያ በኋላ ነው። ባሕር ያላቸው አገሮች ሰው ሠራሽ ሪፍ፣ ማለትም በባሕር ወለል ላይ የዓሣ መጠለያ፣ ሲገነቡ ዓሣ ከማፍሰስ ይልቅ ቤት ይሠራሉ፤ ኮንክሪት ወይም የተጸዳ አሮጌ መርከብ ወደ ወለሉ ያወርዱና አልጌው፣ ስፖንጁ፣ ኦይስተሩና መሰል የባሕር ሕይወት ሲጣበቅበት ዓሣው በራሱ ይመጣል። ያም ቢሆን ሁልጊዜ አይሰምርም። በ1970ዎቹ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በፍሎሪዳ የባሕር ዳርቻ ሁለት ሚሊዮን ገደማ ያረጁ ጎማዎች ለዚሁ ዓላማ ተጥለው፣ ማሰሪያቸው ሲበጠስ እየተንከባለሉ የተፈጥሮውን ኮራል ጎድተዋል። ሪፍ ዓሣን ያበዛል ወይስ በሌላ ስፍራ የነበረውን ይሰበስባል የሚለው ክርክርም እስካሁን አልተቋጨም።

በእኛ ግድቦች የጎደለው ብዙውን ጊዜ ዳርቻው ነው። በጋ ላይ ውኃው ሲሸሽ ቆረሶው ጎጆ የሚቆፍርበት ጥልቀት የሌለው ስፍራ ይደርቃል፣ አልፎም ይታረሳል፤ ከተራራው የሚወርደው ደለል ደግሞ ወለሉን ይደፍናል። ካርፕም የራሱ ጣጣ አለው፤ ምግብ ፍለጋ ጭቃውን ሲምስ ውኃውን ያደፈርሳል፣ የውኃ ውስጥ ዕፅዋትንም ይነቅላል። ስለዚህ የትኛው ዓሣ የት ይለቀቅ የሚለው ጥያቄ፣ በእኔ ግምት፣ ስንት ጫጩት ተለቀቀ ከሚለው ሪፖርት ይበልጣል።

ከመዲናዋ በስተደቡብ ያለው የአባ ሳሙኤል ግድብ ለዚህ ጥሩ ማስረጃ ነው። ትልቁና ትንሹ አቃቂ የከተማዋን ፍሳሽ ጭነው የሚገናኙት እዚያ ነው፤ ላዩን እምቦጭ ይሸፍነዋል፣ የሚበሰብሰው ቆሻሻም ኦክስጅኑን ይጨርሳል። አየር ከላይ መሳብ የሚችለው አምባዛ በእንዲህ ያለ ውኃ ሊሰነብት ይችላል፤ ሌላው ዓሣ ግን ያንን ጸጋ አልታደለም። የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995 የዓሣ ማስገርን ሥርዓት ቢያስይዝም፣ የዚህ ግድብ ችግር ከመረብ ሳይሆን ከቱቦ የሚመጣ ነው።

ሰበታን መጎብኘት የሚፈልግ ማዕከሉ የምርምር ተቋም እንጂ መናፈሻ አለመሆኑን አውቆ አስቀድሞ ማስፈቀድ ይኖርበታል። ለእርባታ ጫጩት የሚፈልግ ገበሬም ቢሆን ስለ ዓሣው ዓይነት ከመጨነቁ በፊት ኩሬው እስከ ግንቦት ውኃ ይይዝ እንደሆነ ቢያረጋግጥ ይሻለዋል።