ክርስትናን ለማጥናት ወደ ሐረርና ድሬዳዋ የሚመጣ ተጋባዥ ተመራማሪ

ስለ ሐረር ሲነሳ ጀጎልና መስጊዶቹ ይቀድማሉ። ይገባቸዋልም፤ ጀጎል በ1998 ዓ.ም. በዩኔስኮ የተመዘገበው በዚሁ ነው። የከተማችን የክርስትና ታሪክም ቢሆን ገና ብዙ ያልተነካ ሥራ አለው።

ተጋባዥ ተመራማሪ በአንድ ዩኒቨርሲቲ ጥላ ሥር ለተወሰነ ጊዜ የሚሠራ እንግዳ ነው። ተቀባዩ ተቋም በአብዛኛው የሚሰጠው መቀመጫ፣ ቤተ መጻሕፍትና የትብብር ደብዳቤ ነው። በዚህ አካባቢ የሚጠየቁት ሐረማያና ድሬዳዋ ዩኒቨርሲቲዎች ናቸው። ሐረማያ በ1940ዎቹ የእርሻ ኮሌጅ ሆኖ የጀመረ አንጋፋ ተቋም ነው፤ የድሬዳዋው በ1999 ዓ.ም. ተከፈተ። ሁለቱም የመንግሥት ስለሆኑ ነገረ መለኮት አያስተምሩም። ስለዚህ ጥናቱ በታሪክ ወይም በቅርስ በኩል ቢቀርብ ይቀናል። በቅርስ ላይ የሚሠራ ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት ፈቃድ ያስፈልገዋል።

ከጥንቱ ዘመን አፄ ገላውዴዎስ በ1551 ዓ.ም. ከሐረሩ ገዥ ከአሚር ኑር ጋር ሲዋጉ መውደቃቸውን ማንሳት ይበቃል። ሰፊው ታሪክ የሚጀምረው በ1870ዎቹ ነው።

የካቶሊክ መነኮሳት ማኅበር የሆኑት የካፑቺን ሚሲዮናውያን በ1873 ዓ.ም. በአባ ቶሬን መሪነት ሐረር ገቡ። ከተማዋ ያኔ በግብፆች እጅ ነበረች። በ1879 ዓ.ም. በገና ሰሞን የጨለንቆ ጦርነት ተደረገና ምኒልክ ሐረርን ያዙ፤ ራስ መኮንንም ገዥ ሆኑ። የፈረስ መጋላው መድኃኔዓለም የተሠራው ከዚያ ወዲህ ነው። በቦታው ቀድሞ የግብፆች መስጊድ እንደነበረ ይነገራል። ሞንሲኞር እንድርያስ ዣሮሶ ደግሞ እስከ ጣሊያን ወረራ ድረስ ከ30 ዓመት በላይ ሚሲዮኑን መሩ። ልጅ ተፈሪን ያስተማሩት አባ ሳሙኤል የዚሁ ሚሲዮን ፍሬ ናቸው። በ1907 ዓ.ም. ተፈሪ የነበሩባት ጀልባ ሐረማያ ሐይቅ ላይ ስትገለበጥ ተፈሪ ተረፉ፤ አባ ሳሙኤል ግን ሰጠሙ። ሚሲዮኑ የሥጋ ደዌ ሕሙማን መንደርና ማተሚያ ቤትም ነበረው። አባቶቹ ደብዳቤ ስለሚያበዙ ይህ ዘመን በጽሑፍ ሞልቷል። ችግሩ ጽሑፉ በፈረንሳይኛ መሆኑና ሁሉን በሚሲዮኑ ዓይን ማየቱ ነው። በእኔ እምነት የእንግዳው ተመራማሪ ትልቁ ዕድል እዚህ ላይ ነው፤ የአካባቢውን ሰው ቃል ከጎኑ ማስቀመጥ።

ድሬዳዋ በ1895 ዓ.ም. ከባቡሩ ጋር የተወለደች ናት። ግሪኩም አርመኑም የየራሱን እምነት ይዞ መጣ። የደርግ ዘመን ብዙ አልተጻፈበትም።

ቁልቢ ገብርኤል ብቻውን አንድ ጥናት ይወጣዋል። ራስ መኮንን ከዓድዋ ድል በኋላ ያሠሩት ደብር ነው፤ በ1898 ዓ.ም. ያረፉትም ቁልቢ ላይ ነው። ንግሡ ታኅሣሥ 19 እና ሐምሌ 19 ይውላል። የስለት ባህሉን ማየት የሚፈልግ ማደሪያውን ቀደም ብሎ ይያዝ።

ደብር ቤት ሲኬድ የዩኒቨርሲቲው ደብዳቤ ብቻውን በር አይከፍትም። የሀገረ ስብከቱ ደብዳቤ ይጨመርበታል፤ ቀጥሎ አስተዳዳሪው፣ ከዚያ ዕቃ ቤቱን የሚጠብቁት ቄሰ ገበዝ አሉ። በመጀመሪያው ቀን ብራና አውጡልኝ ማለት ነውር ነው። ቅዳሴ ማስቀደስ፣ ጸበል ጻዲቅ መቅመስና በሌላ ቀን መመለስ ይሻላል። ፎቶ የተነሳ ብራና ካለ ደግሞ ቅጂው ለደብሩ ይቀመጥ፤ ካህናቱ ቀጥሎ የሚመጣውን እንግዳ የሚቀበሉት የፊተኛው ያደረገውን እያስታወሱ ነው።