«ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ ነው፤ ለሃምሳ ሰው ግን ጌጡ ነው»

ደሴ ሰኞ ገበያ ሎሚ በመደብ ነው የሚሸጠው፣ አምስት አምስት እየተደረገ። አሥር መደብ ገዛሁና «እናቴ፣ ትንሽ ይመርቁልኝ እንጂ» አልኳቸው። ሦስት ጣል አደረጉልኝ። ፌስታሉ ሊበጠስ ደርሶ ዳገቱን ሳየው ገባቸው መሰል፣ «አብሽር ልጄ፣ ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ ነው!» ብለው ሳቁብኝ።

ትርጉሙ ግልጽ ነው። አንዱን የሚያጎብጥ ነገር ለብዙ ሰው ሲካፈል አይከብድም። ለዕድርም፣ ለደቦም፣ ለሠርግ መዋጮም ይባላል። እኔን የሚገርመኝ ግን «ጌጡ» የሚለው ነው። ለምን «ይቀለዋል» አላለም? መነሻው ጥምቀት ይመስለኛል። ጎረምሳ ለወደዳት ልጅ የሚወረውረው ሎሚ አንድ ነው። አንዷ በእጅ ትያዛለች፣ ትሸተታለች፣ ታምራለች። ከረጢት ውስጥ የታጨቀ ሃምሳ ሎሚ ግን ሸክም እንጂ ምን ያምራል?

ቤት ስደርስ ቆጠርኩ፤ 53። ሃምሳው ለሁለትም፣ ለአምስትም፣ ለአሥርም እኩል ይካፈላል። የተመረቀበት 53 ግን እንቢ ይላል። ወይ አንድ ሰው ሁሉንም ይሸከማል፣ ወይ 53 ሰው አንድ አንድ ይይዛል። መሃል የለም። በሒሳብ እንዲህ ያለው ብቸኛ ቁጥር ይባላል፤ ከ1 እና ከራሱ በቀር እኩል የሚያካፍለው የለም።

እስካሁን ከታወቁት ብቸኛ ቁጥሮች ትልቁ ይፋ የሆነው በጥቅምት 2017 ዓ.ም. ነው። 136,279,841 ሁለቶችን ደርድረህ እርስ በርስ ታባዛቸዋለህ፣ ከውጤቱ 1 ትቀንሳለህ። የሚወጣው ቁጥር 41,024,320 አሃዝ አለው። በየሰከንዱ አንድ አሃዝ ብትጠራ፣ ሳትተኛ ከ474 ቀን በላይ ይፈጅብሃል።

ያገኘው ሉክ ዱራንት የሚባል አሜሪካዊ ነው፤ በ17 አገሮች የተበተኑ ኮምፒውተሮችን አሠርቶ። የተሳተፈበት፣ ትልልቅ ብቸኛ ቁጥሮችን የሚፈልግ ጂምፕስ የተባለ ማኅበር ደግሞ ከ1996 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የሚሠራው በደቦ ነው። ፈቃደኛው ሁሉ ኮምፒውተሩን ያውሳል፣ የሚመረመር ድርሻ ይሰጠዋል። አብዛኛው ሰው የሚደርሰው ብቸኛ ያልሆነ ቁጥር ነው። ያም ቢሆን ከዝርዝሩ ይሰረዛል፤ ሥራ ነው።

ሸክሙን ለብቻው የተሸከመም ነበር። የሒሳብ ሊቁ ፍራንክ ኮል በ1903 (እ.ኤ.አ.) 67 ሁለቶች ተባዝተው 1 ሲቀነስ የሚመጣውን ቁጥር ይዞ ቀረበ። ቁጥሩ ብቸኛ አለመሆኑ ቀድሞም ታውቋል፤ የሚያካፍለውን ግን ማንም አላገኘም ነበር። ኮል አገኘው፤ 193,707,721 ሲባዛ በ761,838,257,287። በእጅ! ስንት ጊዜ ፈጀብህ ሲሉት «የሦስት ዓመት እሁዶች» አለ ይባላል።

የኔን 53 ለስምንት ጎረቤት ስድስት ስድስት አከፋፈልኩ። የተረፉት አምስቱ መስኮቴ ላይ ናቸው፤ ቤቱን አውደውታል።